ወረቀቱን ተይውና ንገሪን

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሐምሌ ወር አጋማሽ፣ ጅማ ከተማ ውስጥ በምሠራበት የቡና አቅራቢ ድርጅት አዳራሽ የጥራት ክፍሉን ዓመታዊ ሪፖርት ለማቅረብ ቆሜ ነበር። 38 ስላይድ አዘጋጅቻለሁ፤ ከስላይዶቹ ጋር አብሮ የሚነበብ፣ ሁለት ሌሊት የፈጀብኝ የ11 ገጽ ጽሑፍም በእጄ ይዣለሁ። ማንበብ ከጀመርኩ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መብራት ጠፋ። የጅማን ሐምሌ የሚያውቅ ሰው የቀረውን መገመት አያቅተውም፤ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድበዋል፣ ሰማዩ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እንደ ምሽት ጠቁሯል፣ እኔ ደግሞ ወረቀቴን ወደ መስኮቱ አዘንብዬ ፊደል ከፊደል ለመለየት እታገላለሁ። እንዲያም ሆኖ ማንበቤን አላቆምኩም ነበር። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጡት የመጋዘን ኃላፊያችን፣ ሁላችንም «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው ሰው፣ ድምፃቸውን ከዝናቡ በላይ ከፍ አድርገው «ልጄ፣ ወረቀቱን ተይውና ቡናው ምን እንደሆነ ንገሪን» አሉኝ።

ወረቀቱን አጠፍኩና፣ ድምፄ በዝናቡ ምክንያት ስለማይሰማ ወደ መሐል ገብቼ ነገርኳቸው። በኅዳር መጨረሻ ከአንደኛው ጣቢያ የመጣው ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የሚደርቀው ቡና፣ በደንብ ሳይደርቅ ተጫነ። መጋዘን ሲደርስ እርጥበቱን ለካሁ፤ 14 በመቶ ነበር። ከ12 መብለጥ አልነበረበትም። ወደ ማድረቂያው አልጋ ይመለስ ብዬ ጻፍኩ፤ የመለሰው ሰው ግን የለም። ሦስት ሳምንት እንደተከመረ ቆየ። ሲከፈት ሻግቷል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስልኩን ሲነካካ የነበረው ሥራ አስኪያጃችን ቀና ብሎ «እንዲጫን የፈቀደው ማን ነው?» አለ። በድርጅቱ በቆየሁባቸው ዓመታት ባቀረብኳቸው ሪፖርቶች ላይ ከ«እናመሰግናለን፣ ወደ ቀጣዩ እንለፍ» ሌላ ነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ማታ ቤቴ ገብቼ ያንኑ ጉዳይ በወረቀቱ ላይ እንዴት እንደጻፍኩት ፈለግሁ። በገጽ 6 ላይ እንዲህ ይላል፦ «በበጀት ዓመቱ ከተለያዩ የግዢ ጣቢያዎች ወደ ማዕከላዊ መጋዘን ከገባው ጀንፈል ቡና ውስጥ በአንዳንድ ጣቢያዎች የማድረቅ ሂደቱ በተቀመጠው ስታንዳርድ መሠረት ባለመከናወኑ ምክንያት የእርጥበት መጠኑ ከሚፈለገው በላይ ሆኖ የተገኘ በመሆኑና በክምችት ላይ ለረጅም ጊዜ በመቆየቱ የጥራት ጉድለት ሊከሰት ችሏል።»

ይህ ዓረፍተ ነገር ሰዋስዋዊ ስሕተት የለበትም። ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ማንኛውም ሰው በየሳምንቱ እንዲህ ይጽፋል፤ የሚያነበውም ሰው ይረዳዋል፤ ምክንያቱም ዓይን ሲጠፋበት ተመልሶ ከላይ ይጀምራል። ጆሮ ግን መመለሻ የለውም። አማርኛ ደግሞ ግሱን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ በመሆኑ፣ አድማጩ «በበጀት ዓመቱ» ከሚለው ቃል ጀምሮ የበጀት ዓመቱን፣ ጣቢያዎቹን፣ መጋዘኑን፣ ስታንዳርዱን፣ እርጥበቱንና ክምችቱን አንድ በአንድ ተሸክሞ «ምን ሆነ?» ለሚለው ጥያቄው መልስ እየጠበቀ እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ መጓዝ አለበት። አንድ ጊዜ ብትችል ትከተላለህ፤ ሦስት ጊዜ ከተደጋገመብህ ሸክሙን ታወርድና ስልክህን ታወጣለህ። ሥራ አስኪያጁን በልቤ ስንት ጊዜ ወቅሼው ነበር፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። በዚያ ረጅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሰው የለም። ማድረቁ «አልተከናወነም»፣ እርጥበቱ «ተገኘ»፣ ጉድለቱ «ሊከሰት ቻለ»። ቡናው በራሱ ፈቃድ መኪና ላይ ወጥቶ፣ በራሱ ፈቃድ ተከምሮ፣ በራሱ ፈቃድ የሻገተ ነው የሚመስለው። በአፌ ስናገር ግን «ተጫነ» ካልኩ በኋላ «ማን ጫነው?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ብዙዎቻችን ወረቀት ላይ ሙጭጭ የምንለው ከፍርሃት ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ወረቀቱ መሸሸጊያ ነው፤ ከተናገርክ ትጠየቃለህ።

ከዚያ ወዲህ በሰው ፊት ለመናገር ስዘጋጅ የምከተለው አንድ ደንብ ቢኖር በአንድ ትንፋሽ አንድ ግስ የሚለው ነው። «ስለሆነ»፣ «በመሆኑም»፣ «ከመሆኑ ጋር ተያይዞ» እያልኩ ልቀጥል ስል አቆማለሁ፤ ያለፈውን እዘጋለሁ፤ አዲስ እጀምራለሁ። (ይህንኑ የምጽፈው ራሱ በረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች መሆኑ አይጠፋኝም፤ ግን ይህን የሚያነበው ዓይን ነው።)

ጅማ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ ደንብ ሌላም ጥቅም አለው። ከጎማ፣ ከመና ወይም ከጌራ ወረዳ ከሚመጡ አርሶ አደሮች ጋር ስንሰበሰብ አፋን ኦሮሞና አማርኛ በአንድ አዳራሽ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ የእኔ አፋን ኦሮሞ ከሰላምታና ከገበያ ስለማያልፍ አስተርጓሚ ያስፈልገኛል። ሁለቱም ቋንቋዎች ግሳቸውን ወደ መጨረሻ ስለሚያመጡ፣ አስተርጓሚው የእኔን ግስ እስኪሰማ ድረስ የእሱን ዓረፍተ ነገር በሙሉ ልብ መጀመር አይችልም። አንድ ቀን አጋሮ ላይ፣ ስለ ማድረቂያ አልጋና ስለ ዝናብ መከላከያ ሸራ ሁለት ደቂቃ የሚጠጋ አንድ ዓረፍተ ነገር ስናገር፣ አጠገቤ የቆመው ወጣት ቀስ ብሎ «እህቴ፣ ሰውየው ምን አደረገ?» ብሎ ጠየቀኝ። ስጨርስ ደግሞ ሁለቱን ደቂቃ በሦስት ቃል ተረጎመው፤ አርሶ አደሮቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ምን ብለህ ነው ብዬ ብጠይቀው «ቡናው አልደረቀም ነው ያልኩት» አለኝ። ተናድጄ ነበር፤ ዛሬ ግን ከእሱ የተሻለ አርታዒ አላገኘሁም እላለሁ።

ታዲያ ለጆሮ የሚሆነውን አማርኛ ከየት እናምጣው? ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሁላችንም አለን። መድረክ ላይ ድምፁ የማይሰማው የሒሳብ ባልደረባችን፣ ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ ከአጋሮ መንገድ ላይ ጎማ የፈነዳበትን ታሪክ ሲያወራ ሲኒው እስኪቀዘቅዝ ያስረሳል። መቼ ዝም እንደሚል ያውቃል፤ የሹፌሩን ድምፅ ያስመስላል፤ ዋናውን ነገር አያዘገይም። ያው ሰው በማግሥቱ ስለ ተሰብሳቢ ሒሳብ ሲያቀርብ «እንደሚታወቀው» ብሎ ይጀምርና እንደ እንጨት ይደርቃል። ችሎታው ጠፍቶ አይደለም፤ ስብሰባ ሌላ ዓይነት አማርኛ ይፈልጋል ብሎ ስላመነ ነው። ስለዚህ እኔ አሁን መጀመሪያ አልጽፍም። ጉዳዩን ለአንድ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ለእኅቴ፣ ቡና እየጠጣን እነግራታለሁ፤ ስልኬም ይቀዳል። ጉዳዩን የማታውቅ መሆኗ ይጠቅመኛል፤ «አልገባኝም» ስትል የት እንደተቋጠረ አውቃለሁ። ከዚያ የተቀዳውን ሰምቼ ጥቂት ማስታወሻ እይዛለሁ። ጽሑፍ የሚያስፈልገው ሪፖርትም አለ፤ እሱን ለብቻው ጽፌ ለሚያነበው ሰው እሰጣለሁ።

የራስን ድምፅ ተቀድቶ መስማት ግን ደስ የሚል ሥራ አይደለም። የመጀመሪያውን ቅጂ ስሰማ በ12 ደቂቃ ውስጥ «ማለት ነው» የሚለውን 41 ጊዜ ብዬዋለሁ። «ናሙናውን ወስደን ማለት ነው፣ ቆልተን ማለት ነው፣ ፈጭተን ማለት ነው።» ምን ማለት እንዳልሆነ እንጂ ምን ማለት እንደሆነ አልታወቀኝም። ሌላው «ምን ይባላል» ይላል፤ ሌላው «እንትን»፤ ሌላው «ያው እንግዲህ»። እነዚህ ቃላት የሚመጡት አፋችን ሐሳባችንን ሲቀድም ነው፤ ባዶውን ቦታ ዝም ብለን ማለፍ ስለምንፈራ እንሞላዋለን። «እንዳልል» ብሎ መወሰን አልሠራልኝም፤ ይልቁንም ስለ ቃሉ እያሰብኩ ነገሩን እረሳው ነበር። የሠራው በቦታው ዝምታን መተካት ነው። ቃሉ ምላሴ ላይ ሲመጣ አፌን እዘጋለሁ። ለእኔ ረጅም ዘመን የመሰለኝ ዝምታ ቅጂው ላይ ስሰማው አንድ ሰከንድ አይሞላም።

ስለ ዝምታ ካነሳሁ አይቀር፣ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ የሆነውን ሁሌም አስበዋለሁ። ገና ንግግራቸውን ሊጀምሩ ሲሉ ከላይ ከጋዜጠኞች ቦታ ጣሊያኖቹ በፉጨትና በጩኸት አዳራሹን አናጉት። ንጉሠ ነገሥቱ አልጮኹም፣ አልተቻኮሉም፤ ረባሾቹ ተገፍተው እስኪወጡና ጸጥታው እስኪመለስ ቆመው ጠበቁ፣ ከዚያም በአማርኛ ተናገሩ። እኔ ፉጨት አልገጠመኝም፤ የገጠመኝ በር ከፍቶ የሚገባ፣ ስልክ የሚያነሳ፣ ከጎረቤቱ ጋር የሚንሾካሾክ ሰው ነው። ድሮ ድምፄን ከፍ አድርጌ በላዩ ላይ እናገር ነበር። አሁን እቆማለሁ። አዳራሹ ራሱ ሰውየውን ዞር ብሎ ያየዋል።

የፍርሃቱ ነገር ብዙ የተባለለት ስለሆነ እኔ የምጨምረው ጥቂት ነው። ልብ ይመታል፣ አፍ ይደርቃል፣ ጉልበት ይከዳል፤ ሰውነት አደጋ የመጣ መስሎት አድሬናሊን ስለሚያመነጭ ነው እንጂ ሰውየው ደካማ ስለሆነ አይደለም። አየር ከማስገባት ይልቅ ቀስ ብሎ ማስወጣት የልብ ምትን ያረጋጋል፤ ተራዬ ሊደርስ ሲል ወንበሬ ላይ ሆኜ አምስት ስድስት ጊዜ ትንፋሼን በረጅሙ አወጣለሁ። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ በቃሌ እይዛለሁ፤ ሙሉውን የሸመደደ ሰው አንዲት ቃል ስትጠፋው ሁሉም ይጠፋዋል። እንዲሁም ከመናገሬ በፊት ቡና አልጠጣም፤ ቡና የልብ ምትን ሊያፈጥን ይችላልና፤ ቡና ቀምሳ ለምታድር ሴት ይህ ቀላል ምክር አይደለም።

ይበልጥ የሚከብደው የዓይን ጉዳይ ነው። የሥልጠና መጻሕፍት «የአድማጭህን ዓይን እያየህ ተናገር» ይላሉ። እኛ ደግሞ ያደግነው ትልቅ ሰው ሲናገርም ሆነ ስንናገረው ዓይናችንን እየሰበርን ነው፤ አለቃውን ትክ ብላ የምታይ ልጅ «ዓይን አውጣ» ትባላለች። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ አዳራሹ ውስጥ ሦስት የማውቃቸው፣ ፊታቸው የማይከብደኝ ሰዎች እመርጣለሁ፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ ከኋላ። አንድ ሐሳብ ለአንዱ ተናግሬ እስክጨርስ ዓይኔን አላነሳም፤ ከዚያ ወደ ሌላው እዞራለሁ። በመካከል ያሉት ሁሉ እነሱን ያየኋቸው ይመስላቸዋል። ከኋላ ያሉት ጋሼ ከተመረጡት አንዱ ናቸው፤ እሳቸው ከሰሙኝ ሁሉም ሰምቷል።

ወደ ቁጥር ልለፍ፤ የእኛ ሥራ ቁጥር ነውና። «34 ኩንታል ቡና ተበላሽቷል» ብዬ ለሥራ አመራሩ ብናገር ይገባቸዋል። ለነጋዴዎቹ ግን ኩንታሉን ወደ ፈረሱላ መልሼ «200 ፈረሱላ» እላለሁ፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና ነጋዴው ዋጋውን ሳልነግረው በጭንቅላቱ ያባዛዋል። ለሹፌሮቹ ደግሞ «አንድ አይሱዙ ጭነት» ማለት ይበቃል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ የሚታይበት ቦታ ግን እንደ ሰሚው ይለያያል። በመቶኛ ላይ ያለኝን ቅሬታም አልደብቅም፦ «የዕቅዱ 96.4 በመቶ ተከናውኗል» የሚለውን ሰምቶ ያስታወሰ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም፤ ያልተከናወነው 3.6 በመቶ ምን እንደነበር መናገር ግን ሁሉንም ያነቃል።

ታሪክ ያለው ቁጥር ደግሞ አይረሳም። አርሶ አደሮች የሚተክሏቸው የተሻሻሉ የቡና ዝርያዎች ስማቸው ቁጥር ነው፤ 74110፣ 74112 እያለ ይቀጥላል። ለአዲስ ሠራተኞች ገለጻ ስሰጥ እነዚህን ቁጥሮች ዘርዝሬ ሳልፍ ማንም አይዝልኝም ነበር። አሁን ታሪኩን አስቀድማለሁ። በ1971 እ.ኤ.አ. ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ገብቶ ፍሬውን ገና በአረንጓዴነቱ እያጠቆረ ያረግፈው ጀመር። እዚሁ ጅማ፣ መልኮ ካለው የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ተመራማሪዎች በሽታው በደቆሰው ማሳና ደን ውስጥ ጤነኛ ሆነው የቆሙትን ዛፎች እየፈለጉ ዘር ለቀሙ። ቁጥሩ ላይ ያለው 74 ዛፉ የተመረጠበት ዓመት፣ 1974 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ስናገር ልጆቹ 74110ን እንደ ሰው ስም ይይዙታል፤ ከሳምንት በኋላ ብጠይቃቸውም አይረሱትም።

ስለ ስላይድ ብዙ የምለው የለኝም። ከ38 ወደ 7 አውርጃለሁ፤ አንዱ ላይ የሻገተ ቡና ፎቶ ብቻ ነው ያለው። ሆኖም በአማርኛ ስላይድ ለሚያዘጋጅ ሰው አንድ የሚያሳፍር ነገር ላስጠንቅቅ። የፊደላችን ሆሄያት ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገቡት በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት በተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የተጻፈ ሰነድ ግን ዛሬም በየቢሮው አለ። ከእንዲህ ያለ የቆየ ሰነድ ቀድተህ ስላይድህ ላይ ካስቀመጥክ፣ በአንተ ላፕቶፕ ላይ ያማረው አማርኛ በአዳራሹ ላፕቶፕ ላይ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። እኔ «የቡና ጥራት ቁጥጥር» የሚለው ርዕሴ የስድብ ምልክት መስሎ ግድግዳው ላይ ሲበራ ቆሜ አይቻለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በዩኒኮድ መጻፍና ለጥንቃቄ አንድ ቅጂ በፒዲኤፍ መያዝ። መብራት ከጠፋ ግን ፒዲኤፍም አያድንምና ያለ ስላይድ መናገር የማልችለውን ነገር ለመናገር አልነሳም።

ጥያቄ ሲመጣ የማላውቀውን «እስከ ሐሙስ አጣርቼ አመጣለሁ» ማለት ከለመድኩ ወዲህ ያ ክፍል አያስፈራኝም። በእርግጥ ሐሙስ ማምጣት ያስፈልጋል።

ሐሙስን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የናሙና ቅምሻው ካለቀ በኋላ፣ ስድስት ሆነን በቅምሻ ክፍላችን ውስጥ በየተራ እንናገራለን። ሐሳቡ የእኛ አይደለም፤ በ1924 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የተጀመረው ቶስትማስተርስ የሚባለው ማኅበር በዓለም ዙሪያ የሚያደርገው ነው። ተናጋሪው ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ጊዜው ሲደርስ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ መብራት ይበራል፤ አንዱ የማያስፈልጉትን ቃላት ይቆጥራል፤ አንዱ አስተያየት ይሰጣል። እኛ መብራት ስለሌለን የናሙና ካርዶቻችንን ቀለም ቀብተን እናነሳለን፤ ለ«ማለት ነው» ደግሞ የቅምሻ ማንኪያ ብርጭቆ ላይ ይመታል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክፍሉ የቤተ ክርስቲያን ጸናጽል የሚመታበት ይመስል ነበር። አስተያየት አሰጣጡ ላይም ተቸግረን ነበር፤ ይሉኝታ ይዞን ሁላችንም «በጣም ጥሩ ነው» ብቻ እንል ነበርና። ጋሼ አንድ ቀን መጥተው ሲሰሙ «ሁሉም ጥሩ ከሆነ ለምን ትሰበሰባላችሁ?» አሉን። አሁን እያንዳንዱ አስተያየት ሰጪ «ይህን ሰማሁ፣ ይህ አመለጠኝ» ብቻ ይላል፤ ያመለጠው ነገር የአድማጩ ስለሚሆን ማንም አይቀየምም።

የፊታችን ሐሙስ ተራው በቅርብ የተቀጠረችው ልጅ ነው። ስለ ማድረቂያ አልጋ ከፍታ ትናገራለች። ትናንት አራት ገጽ ጽፋ አመጣችልኝ፤ ጽሑፉ ንጹሕ ነው፣ ለፋይል እንዲቀመጥ አደረግሁ። «ታዲያ ምን ይዤ ልቁም?» አለችኝ። አንዲት የናሙና ካርድ ሰጠኋት። ካርዱን አገላብጣ አየችውና ከጀርባው «አልጋው ከመሬት ለምን ራቀ?» ብላ ጻፈች፤ ከዚያ የምትጨምረው እየፈለገች ትንሽ ቆየችና እስክሪብቶዋን ዘጋች።